ሽፋኑን ማን ሣለው?

ልጆች ማንበብ ሳይጀምሩ ቪዲዮ መምረጥ ይችላሉ፤ የሚመርጡት በሽፋኑ ነው። አባባ ተስፋዬ ለ42 ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ሽፋን አላስፈለጋቸውም፤ ልጁ ራሱ ሰዓቱን ጠብቆ ይቀመጥ ነበር። የተረትና የልጆች መዝሙር ቪሲዲ በየሱቁ ሲደረደር ግን የእናቱን እጅ ይዞ የሚያልፈውን ልጅ የሚያስቆም ሥዕል ግድ ሆነ።

ያኔ እነዚህን ሽፋኖች ከሚሠሩት አንዱ ደብረ ማርቆስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነበር። እኛ ቤት «ወንድም ጋሼ» እንለዋለን። ቀን የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፤ ማታ የልጆች ቪዲዮ ሽፋን ይሥላል። ያለቀውን ሥዕል በካርቶን ጠቅልሎ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አዲስ አበባ በአውቶቡስ ይልካል። ክፍያው በሥዕል ብዛት ነው። የጽሑፍ ውል የለም፤ ሁሉም በስልክ ያልቃል።

ዛሬ ያንን ጊዜ ሲያስታውስ ወሬውን የሚጀምረው ከአያ ጅቦ ነው። የመጀመሪያውን ጅብ ጥርሱን አግጥጦ ሣለው፤ የሰፈር ልጆች አይተውት ሸሹ። ሁለተኛውን ዓይኑን ትልቅ፣ ሆዱን ክብ፣ ፊቱን ግራ የተጋባ አደረገው። ልጆቹ ቀረብ ብለው ሳቁ። እኔ በማርኬቲንግ ሥራ የተማርኩትን እሱ ከሰፈር ልጆች ተማረው፦ አንድ ትልቅ ፊት፣ ተመልካቹን የሚያዩ ዓይኖች፣ ጥቂት ደማቅ ቀለሞች፣ ለርዕሱ የሚበቃ ክፍት ቦታ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነው ግን ሌላ ነገር ነው። ሴት ልጁ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሽፋኑን አይታ «ይሄን የሣለው አባቴ ነው» አለች። ጓደኞቿ ሽፋኑን ገለባብጠው ፈለጉ። የአዘጋጁ ስም አለ፤ የአከፋፋዩ ስልክ አለ፤ የሠዓሊው ስም የለም። «ውሸትሽን ነው!» አሏት። ወንድም ጋሼ ከዚያ ወዲህ ሳይፈርምበት ያስረከበው ሥዕል የለም።

በሥዕል ላይ ስም ማኖር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጣና ሐይቅ፣ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝ አንድ የእመቤታችን ሥዕል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በፍሬ ጽዮን መሣሉን የምናውቀው ሥዕሉ ላይ ስለተጻፈ ነው። ያ ጽሑፍ የሠዓሊውን ስም ከ550 ዓመታት በላይ ጠብቆታል።

ሕጉም ማወቅ የሚገባን ነገር አለው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የገንዘብ ጥቅም የአዛዡ ነው። «የሠራሁት እኔ ነኝ» የማለት መብት ግን የሠዓሊው ነው። ስለዚህ ጅቡ ነገ ቦርሳና ደብተር ላይ ቢወጣ ሠዓሊው ድርሻ የሚኖረው አስቀድሞ ከተስማማ ነው። ይህ ደግሞ ሩቅ ነገር አይደለም። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በፈጠሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የምናውቃት ቀጭኔ ከቴሌቪዥን አልፋ መጽሐፍ ላይም ወጥታለች።

ቪሲዲው ዛሬ ከሱቅ ጠፍቷል፤ ልጆቻችን የሚመርጡት ስልክ ላይ ከተደረደሩ ትንንሽ ሥዕሎች ነው። እነዚያንም የሚሠራ ሰው አለ። ቤትዎ ውስጥ ሥዕል የሚወድ ልጅ ካለ ከአሁኑ እነዚህን ያስለምዱት፦

• በእያንዳንዱ ሥዕል ጥግ ስሙንና ቀኑን ይጻፍ።
• አድጎ ሥራ ሲቀበል፣ ሥዕሉ የት የት እንደሚውልና ስሙ የት እንደሚቀመጥ በአንድ ገጽም ቢሆን ተጽፎ ይፈረም።
• ዋናውን ሥዕል ከማስረከቡ በፊት ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ።

ማታ ከልጅዎ ጋር ቪዲዮ ስትመርጡም «ይሄን ማን የሣለው ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። ሥዕል ከሰው እጅ እንደሚወጣ የሚያውቅ ልጅ የሰውን ድካም ማክበር አይከብደውም።