ኮንክሪት ለምን ያብጣል?

ስሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ አንድ ላይ ተቦክቶ ሲደርቅ ኮንክሪት ይባላል። ድልድይና ግድብ ይሠራበታል። የውሃ ማጠራቀሚያም ይሠራበታል። ብዙ ሰው ኮንክሪት አንዴ ከደረቀ እንደ አለት ጸንቶ የሚኖር ይመስለዋል። ነገር ግን ኮንክሪትም ይታመማል። አንዳንዱ ከተሠራ ከዓመታት በኋላ ከውስጡ ያብጣል፤ ይሰነጠቃል፤ ይደክማል።

ለመሆኑ ድንጋይና ስሚንቶ እንዴት ያብጣሉ? ይህን ማወቅ ይጠቅመናል። ገበሬው በገንዘቡና በጉልበቱ የሚያሠራው ድልድይ የልጅ ልጆቹንም ማሻገር አለበትና።

የአመድ ውሃ እጅን እንደሚያሙለጨልጭና እንደሚልጥ እናውቃለን። ይህን የሚያደርገው በአመዱ ውስጥ ያለው አልካሊ የሚባል ነገር ነው። በስሚንቶም ውስጥ አልካሊ አለ። ኮንክሪት ከውጭ ደርቆ ቢታይም፣ አልካሊ ያለበት ውሃ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ለብዙ ጊዜ ይቆያል።

በድንጋይ ውስጥ ደግሞ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ይገኛል። ሲሊካ ሁሉ ጎጂ አይደለም። ጎጂው አልካሊ በቀላሉ የሚያሟሟው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ሲሊካ በባልጩትና በአንዳንድ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ውስጥ አለ። ባልጩት ቆዳ የሚፋቅበት ስለታም ድንጋይ ነው። እጅ ሲነካው ጠንካራ ነው፤ አልካሊ ሲነካው ግን ይበላል።

አልካሊውና ሲሊካው ሲገናኙ ዝልግልግ ነገር ይፈጠራል። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣውን ዝልግልግ አስቡ። ይህም ዝልግልግ ውሃ በጠጣ ቁጥር ያብጣል። ደረቅ ባቄላ በእንስራ ሞልታችሁ፣ ውሃ ጨምራችሁ፣ አፉን አጥብቃችሁ ብትደፍኑት ምን ይሆናል? ባቄላው አብጦ እንስራውን ይሰነጥቀዋል። በኮንክሪት ውስጥ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። ዝልግልጉ መውጫ ሲያጣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል።

ነገሩ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ5፣ ከ10 ወይም ከዚያ ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ ነው። የዋልካ መሬት በበጋ እንደሚሰነጣጠቀው የኮንክሪቱም ፊት ይሰነጣጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ሲገባ ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል።

ይህን በሽታ መርምሮ ያስታወቀው ቶማስ ስታንተን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በካሊፎርኒያ የተሰነጣጠቁ የኮንክሪት ሥራዎችን መርምሮ ምክንያቱን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 ጻፈ።

በሽታው ትልቁንም ሥራ አይምርም። በካናዳ አገር ማክታኳክ የሚባል ግድብ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ሥራ ሲጀምር 100 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ነበር። የተሠራበት የአካባቢው ድንጋይ ግን በአልካሊ የሚበላ ሆነ። በ1980ዎቹ ኮንክሪቱ እያበጠ መሆኑ ታወቀ። መሐንዲሶችም አልማዝ በተገጠመበት የሽቦ መጋዝ ኮንክሪቱን እየቆረጡ ለእብጠቱ መተንፈሻ አበጁለት። ይህ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አይነቅልም።

ታዲያ መከላከያው ምንድን ነው? በሽታው እንዲነሣ አልካሊ፣ በአልካሊ የሚበላ ድንጋይና ውሃ መገናኘት አለባቸው። ሦስት ጉልቻ ካልተሟላ ድስት አይጣድም። ከሦስቱ አንዱን ያስቀረ ሰው ኮንክሪቱን አዳነ ማለት ነው።

አንደኛ፣ ጠጠሩና አሸዋው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። ለትልቅ ሥራ ከሆነ በላቦራቶሪ ማስመርመር ያስፈልጋል። ድንጋዩ ስለጠነከረ ብቻ ደህና ነው አይባልም።

ሁለተኛ፣ አልካሊው ያነሰ ስሚንቶ፣ ወይም የደቀቀ የእሳተ ገሞራ አመድ በበቂ መጠን የተቀላቀለበት ስሚንቶ መጠቀም ነው። አመዱ እንደ ዱቄት ስለደቀቀ አልካሊውን ገና ከጅምሩ ይይዘዋል።

ሦስተኛ፣ ዝናብ ኮንክሪቱ ላይ እንዳይተኛ መውረጃ ማበጀት ነው። የውሃ ማጠራቀሚያን ግን ከውሃ ማራቅ አይቻልም። ስለዚህ እዚያ ላይ የድንጋዩና የስሚንቶው ምርጫ ዋና ነገር ነው።

በእርግጥ ስንጥቅ ሁሉ ከዚህ በሽታ አይመጣም። ስሚንቶ ሲያንስ፣ አዲሱ ኮንክሪት ውሃ ሳይጠጣ ሲደርቅ፣ መሬቱ ሲሰምጥም ኮንክሪት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስንጥቅ ሲታይ በልስን ሸፍኖ ዝም ማለት አይገባም፤ ለባለሙያ ማሳየት ነው። ያበጠን ኮንክሪት ማዳን ከባድ ነው። ድንጋዩን ሳይቦካ መምረጥ ግን ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ጥያቄዎች
1. ኮንክሪት እንዲያብጥ የትኞቹ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው?
2. ጠንካራ ድንጋይ ሁሉ ለኮንክሪት ይሆናልን? ለምን?
3. በአካባቢያችሁ የሚሠራበት አሸዋና ጠጠር ከየት ይመጣል?