መዝገብም እንደ ዘር ተለይቶ ይቀመጥ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ዳሩ ግን በጽሑፍ ያለውም ምስጥ ከበላው፣ ጣራው አፍስሶ ካበሰበሰው ወይም ኮምፒዩተሩ ከተበላሸ አይወረስም። የኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ ሲጠፋ የማዳበሪያ ዕዳውን የከፈለው አባል ካልከፈለው፣ አሥር ኩንታል ያስረከበው አምስት ካስረከበው አይለይም። ጠብ የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ገበሬ የዘሩን እህል ከቀለቡ ለይቶ እንደሚያኖር ሁሉ፣ የማኅበራት መሪዎችም የመዝገቡን ቅጂ ለይተው ሊያኖሩ ይገባል። መረጃው በ3 ቅጂ ይያዝ፤ ቅጂዎቹ በ2 ዓይነት ዕቃ፣ ለምሳሌ በኮምፒዩተርና በፍላሽ ይቀመጡ፤ 1 ቅጂ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ በቁጥጥር ኮሚቴው እጅ ተቆልፎበት ይኑር። ፍላሹ ተሰክቶ ከዋለ ቫይረሱም ሌባውም ሁለቱን አንድ ላይ ያጠፋቸዋልና ይነቀል። ኮምፒዩተር የሌለው ማኅበር ደረሰኙን በካርቦን ይጻፍ፤ የወሩንም ሒሳብ በሁለተኛ መዝገብ ይገልብጥ።

ይህ ሥራ በየሳምንቱ፣ በማዳበሪያ ሥርጭትና በእህል ርክክብ ወቅት ግን በየቀኑ ማታ መፈጸም ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ በየሦስት ወሩ ቅጂው ተከፍቶ ይነበብ። ያልተሞከረ ቅጂ ይበቅል አይበቅል እንዳልታወቀ ዘር ነው።