የአራስ ቤት ሙያ

ጎንደር ላይ አንዲት ሴት ስትገላገል ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይፈላል፣ ጎረቤቱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። አራሷ ጡቷ ሲቆስል ወይም «ወተቴ አልወረደም» ብላ ስትጨነቅ ግን መካሪው ብዙ፣ የሠለጠነ አጋዥ ጥቂት ነው። እናትን በማጥባት ማገዝ ተምረው የሚይዙት ሙያ ነው።

በዓለም ደረጃ የጡት ማጥባት አማካሪዎችን የሚፈትነው ቦርድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ለፈተናው ለመቀመጥ የጤና ሳይንስ መሠረት፣ ስለ ማጥባት ቢያንስ የ95 ሰዓት ትምህርት፣ በዚያ ላይ እናቶችን በተግባር የማገዝ ልምድ ያስፈልጋል። በአገራችን ግን ዋናው መግቢያ አዋላጅነት፣ ነርስነት፣ ሥነ ምግብና የጤና ኤክስቴንሽን ነው። ጎንደር ለዚህ ምቹ ከተማ ናት። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ተቋም አዋላጆችንና የሥነ ምግብ ባለሙያዎችን ያስተምራል።

ከዲግሪው በላይ የሚመዝነው ግን የአልጋ ዳር ልምምድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያዘጋጁት የ40 ሰዓት የማጥባት ምክር ሥልጠና ሠልጣኙን ወደ ማዋለጃ ክፍል ያስገባዋል። እዚያ የሚማረው የመጀመሪያው ነገር ዝም ብሎ ማየት ነው። የሕፃኑ አፍ በሰፊው ተከፍቷል? የታችኛው ከንፈር ወደ ውጭ ተገልብጧል? አገጩ ጡቷን ነክቷል? የጡቷ ጥቁር ክብ ከታች ይልቅ ከላይ በኩል በብዛት ይታያል? አራቱ ከተሟሉ ሕፃኑ ጡቱን በደንብ ይዟል። ካልተሟሉ የጡቷ ጫፍ ይቆስላል፣ ሕፃኑም በቂ ወተት አያገኝም። ጡት በደንብ በተጠባ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ያመርታል፤ «አይበቃውም» ተብሎ የላም ወተት ሲጨመርለት ሕፃኑ ጡቱን ይቀንሳል፣ የእናቱም ወተት እውነትም እያነሰ ይሄዳል። ጥሩ አጋዥ የእናትየዋን ጡት ራሷ አትይዝም። እናትየዋ በገዛ እጇ እንድታስተካክል ታሳያታለች፤ ቤቷ ስትገባ ብቻዋን ናትና።

ሁለተኛው ትምህርት ማዳመጥ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች በአራስ ቤት የመጨረሻው ቃል ብዙ ጊዜ የአማት ወይም የአያት ነው። እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይታለባል፣ ሕፃኑም ቅቤ ይልሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ያ ወፍራም ቢጫ ወተት ግን መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በሽታ የሚከላከል ነው። ይህን ለአያት መንገር አንድ ነገር ነው፤ «እማማ፣ እርስዎ ስንት ልጅ አሳደጉ? እንዴት አጠቧቸው?» ብሎ መጀመር ሌላ ነው። ያልተከበረች አያት ባለሙያዋ እንደወጣች ቅቤዋን ታነሳለች፤ የተከበረችው ግን ምራቷን ታግዛለች።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ይህን ሥራ ተሸክመውታል። እናትየዋ ለአጨዳ ወይም ለገበያ ርቃ ስትሄድ ወተቷን በእጇ አልባ፣ በንጹሕ ዕቃ ከድና እንድትተውለትና ሕፃኑ በጡጦ ሳይሆን በሲኒ እንዲጠጣ ያስተምራሉ።

ሥራው በስድስት ወር አያበቃም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ ይመገቡ የነበሩት 58 በመቶ ነበሩ። በአማራ ክልል ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበር። ስለዚህ ባለሙያዋ ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ከማንኪያ የማይፈስ ወፈር ያለ የገብስና የባቄላ ገንፎ፣ ሲገኝም እንቁላል እንዲጨመር ማሳየት አለባት።

ነርስነት ወይም አዋላጅነት እየተማራችሁ ያላችሁ፣ የማጥባት ምክር ሥልጠና በጤና ጣቢያችሁ ወይም በሆስፒታላችሁ መቼ እንደሚሰጥ ዛሬውኑ ጠይቁ። የማዋለጃ ክፍል የምትመሩም ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ ይህን 40 ሰዓት አትንፈጉ።