ፊርማ አማና ነው፦ በኦንላይን ፎርም ፊርማ ስንሰበስብ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ባለፈው ረመዳን መግቢያ ላይ የሱሑር ምግብ ሰዓት እንዲስተካከልልን ፊርማ ማሰባሰባችንን ታስታውሳላችሁ። በመሐል ሜዳ ብርድ፣ ጋቢ ተከናንበን፣ ወረቀቱን ከዶርም ዶርም አዞርን። በሁለት ቀን ስድስት ገጽ ሞላ። ማመልከቻውን ይዘው የሄዱት ወንድሞች ግን ወረቀቱን እንደያዙ ተመለሱ። የተቀበሏቸው ሰው ሦስተኛውን ገጽ ገልጠው «ይህን ሁሉ የፈረመው አንድ ሰው ነው» አሏቸው። እውነታቸውን ነበር። አንድ ወንድማችን የዶርም ጓደኞቹ «እኛንም ጻፈን» ስላሉት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ለስምንት ሰው ፈርሟል። ስምንቱም ጥያቄውን ከልባቸው ይደግፉ ነበር። ሆኖም የስምንቱ ፊርማ የሌሎቹን ሁሉ ፊርማ አስጠረጠረ።

«በኦንላይን ይሁን» ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፤ ምን ያቅተዋል ተብሎ ነው። በግማሽ ሰዓት ጎግል ፎርም ሠርቼ ሊንኩን በቴሌግራም ለቀቅሁ። የለቀቅሁት ግን የፎርሙን ሳይሆን መልሱ የሚጠራቀምበትን ሺት ሊንክ ነበር፤ ያውም ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲያስተካክል ተከፍቶ። ማታ ላይ ስከፍተው ስሞች ከመታወቂያ ቁጥሮች ጋር ተፋልሰዋል፣ አንዳንድ ረድፍ ጠፍቷል። ከሁሉ የከፋው የእህቶቻችን ስልክ ቁጥር ለማንም ታይቷል። ሁለት እህቶች ከማያውቁት ሰው ስልክ እንደተደወለላቸው ለአሚራዋ ነገሯት። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ በዚህ ጽሑፍም ደግሜ እጠይቃለሁ። ይህን የምጽፈው ቀጣዩ ፎርም የሚሠራው ሰው የእኔን ስሕተት እንዳይደግም ነው።

ፊርማ ምን ይሠራል?

ስለ ፎርሙ ከማውራታችን በፊት ፊርማ ራሱ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ፊርማ ሦስት ነገር ያረጋግጣል፦ ማን እንደፈረመ፣ በምን ጽሑፍ ላይ እንደፈረመ፣ ከተፈረመ በኋላም ጽሑፉ እንዳልተለወጠ።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በመድረሳ ሲራ የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ደብዳቤ ሊልኩ ባሰቡ ጊዜ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው። እርሳቸውም ጽሑፍ የተቀረጸበት የብር ቀለበት አሠሩና ደብዳቤውን በእርሱ አተሙ። ማኅተሙ ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ለተቀባዩ ይናገር ነበር። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሆነው የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽም የሚናገረው ስለ ብድር ውል አጻጻፍ፣ ስለ ጸሐፊው ፍትሐዊነትና ስለ ምስክሮች ነው። ነገሩ እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት መታዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም።

የአገራችን ሕግም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ያዛል። መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራውን ማድረግ ይችላል፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማ ወይም አሻራ ግን ሥልጣን ባለው ሰው ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያላነበበውን የፈረመ ሰው እንዳይታለል ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስት ዓይነት የኤሌክትሮኒክ ፊርማ

ብዙዎቻችን «የኤሌክትሮኒክ ፊርማ» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን።

የመጀመሪያው ስምን መጻፍና «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሳጥን መጫን ነው። ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ሲሆን ማንም የማንንም ስም ሊጽፍ ይችላል።

ሁለተኛው በስልክ ስክሪን ላይ በጣት የሚሳል ወይም ከወረቀት ፎቶ የሚነሳ ፊርማ ነው። ለዓይን ፊርማ ይመስላል፤ ሆኖም ምስል ስለሆነ ተቆርጦ ሌላ ወረቀት ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

ሦስተኛው ዲጂታል ፊርማ የሚባለው ነው፤ ይህ የሒሳብ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ከሰነዱ «ሀሽ» የሚባል አጭር መለያ ያወጣል። ኤስኤችኤ-256 በተባለው ስልት የሚወጣው መለያ ሲጻፍ 64 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። ከሰነዱ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ፈራሚው ይህን መለያ በእርሱ እጅ ብቻ ባለ የምሥጢር ቁልፍ ይፈርምበታል። ተቀባዩ ደግሞ ለሁሉም በተሰጠ የአደባባይ ቁልፍ ያረጋግጣል። የአደባባይ ቁልፉ በእርግጥ የዚያ ሰው መሆኑን የሚመሰክር አካል የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የወጣው ይህን ሁሉ ለመደንገግ ነው። አንድ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያደርጋል። የምስክር ወረቀት ሰጪዎቹን ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠረው ዋናው አካል ደግሞ ኢንሳ ብለን የምናውቀው መሥሪያ ቤት ነው።

ታዲያ ለጀመዓችን የትኛው ይበቃል? እኛ የምናቀርበው የቤት ሽያጭ ውል ሳይሆን አቤቱታ ነው። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተቀመጠ መብት ነው። ለዚህ የመጀመሪያው ዓይነት፣ የፈራሚው ማንነት በደንብ ከተረጋገጠ፣ ይበቃል። ነገር ግን ከመጀመራችሁ በፊት ማመልከቻውን የሚቀበለውን ክፍል «በኦንላይን የተሰበሰበ ፊርማ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንቀበልም ካሉ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ በእጅ አስፈርሙ።

ፎርሙን ደረጃ በደረጃ

1. ጽሑፉን አስቀድማችሁ ጨርሱ። የአቤቱታው ሙሉ ቃል በፎርሙ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ። «የሱሑር ጉዳይ ፊርማ» ብቻ ብሎ ማስፈረም ያላነበበውን ሰው ማስፈረም ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይህ ነው። ፊርማ ከተጀመረ በኋላ ከጽሑፉ አንድ ቃል እንኳ አትለውጡ። መለወጥ ግድ ከሆነ ፎርሙን ዝጉና አዲስ ክፈቱ።

2. የሚያስፈልገውን ብቻ ጠይቁ። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የተማሪ መታወቂያ ቁጥር፣ ዲፓርትመንትና ዓመት በቂ ነው። ስልክ ቁጥር አያስፈልግም። የፋይዳ ቁጥር ደግሞ በፍጹም አትጠይቁ፤ ለሱሑር ሰዓት የሰው ብሔራዊ መታወቂያ ምን ያደርግልናል?

3. የመስማማት ሳጥን አስገቡ። «ከላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ የምፈርመው ራሴ ስለራሴ ነው» የሚል ይሁን፤ ግዴታም አድርጉት።

4. የመታወቂያ ቁጥሩን አጻጻፍ ገድቡ። በጥያቄው ሥር «ሪስፖንስ ቫሊዴሽን» የሚባል አለ። የግቢያችሁን የመታወቂያ ቅርጽ እዚያ ካስገባችሁ ፎርሙ ከዚያ ቅርጽ ውጭ የሆነ ቁጥር አይቀበልም።

5. «ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡ። «ኮሌክት ኢሜይል አድሬስስ» የሚለውን «ቬሪፋይድ» አድርጉት፤ ያኔ ፈራሚው በራሱ ጎግል አካውንት ገብቶ ነው የሚሞላው። «ሊሚት ቱ ዋን ሪስፖንስ» የሚለውንም አብሩት። «ቪው ሪዘልትስ ሰመሪ» ግን ጠፍቶ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከበራ የሞላው ሁሉ የሌላውን መልስ ያያል። የመልሱ ኮፒ ለፈራሚው በኢሜይል እንዲላክ ማድረግም ጥሩ ነው፤ ማንም በስሙ እንዳልቀየረበት ያይበታል።

6. የምትልኩትን ሊንክ ሁለት ጊዜ እዩ። የሚላከው «ሴንድ» ወይም «ፐብሊሽ» ከተባለ በኋላ የሚገኘው የፎርሙ ሊንክ ነው። ሺቱ «ሪስትሪክትድ» ይሁን፤ የሚከፍቱትም ሁለት ሰዎች ብቻ፣ ከወንዶች አንድ ከሴቶች አንድ፣ ይሁኑ። ከመልቀቃችሁ በፊት ምንም ፈቃድ በሌለው በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። እኔ ይህችን አንዲት ደቂቃ ብሰጣት ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

7. ድግግሞሹን አጥሩ። አንድ ሰው ሁለት ጂሜይል ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ የአንድ ጊዜ ገደቡ ብቻውን አይበቃም። ሺቱ ላይ «ካውንትኢፍ» በሚባለው ፎርሙላ አንድ መታወቂያ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠሩ፤ ከአንድ በላይ የሆነውን ባለቤቱን ጠይቃችሁ አንዱን ብቻ ያዙ።

8. ሰዓቱን አስተውሉ። ሺቱ እያንዳንዱ ፊርማ የገባበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ ነገር ግን በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው። የሰዓት ክልሉ በአዲስ አበባ መሆኑን ከሺቱ ሴቲንግ ላይ አረጋግጡ። በማመልከቻውም «ሰዓቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የተፈረመው «20 ሰዓት» ተብሎ ሲታይ ሰው ግራ ይጋባል።

9. በቀኑ ዝጉ። የመዝጊያው ቀን ሲደርስ መልስ መቀበሉን አቁሙ፤ ዝርዝሩን በፒዲኤፍ አውርዳችሁ አትሙ። የፋይሉን ሀሽ አውጥታችሁ ለሁለቱ ኃላፊዎች ስጡ። በኋላ «ዝርዝሩን ጨምራችኋል» የሚል ቢመጣ መለያው ይመሰክራል።

ኔትወርክ ሲጠፋ

እዚህ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ የሚሄድበትን ማታ ሁላችን እናውቀዋለን። ስማርት ስልክ የሌላቸው ወንድሞችና እህቶችም አሉ፤ ፊርማቸው ስልክ ስለሌላቸው ሊቀር አይገባም። ለዚህ ኮቦቱልቦክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ መሣሪያ ይጠቅማል። ኮቦኮሌክት የሚባለው የአንድሮይድ አፕ ፎርሙን አንዴ ካወረደ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ጎግል ፎርም የሌለው የፊርማ መሳያ ቦታም አለው፤ ፈራሚው በጣቱ ስክሪኑ ላይ ይፈርማል። መልሶቹ በስልኩ ይቆያሉ፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይላካሉ። አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ወንድም በወንዶች ዶርም፣ አንዲት እህት በሴቶች ዶርም ስልኩን ይዘው እየዞሩ መታወቂያ አይተው ያስፈርማሉ። እንዲያውም ከሊንኩ ይልቅ ይህ ይታመናል፤ መታወቂያውን ያየ ምስክር አለና።

የተሰበሰበው አማና ነው

ስለ ዝርዝሩ ራሱ አንድ ነገር ልበል። በጀመዓው ስም የተፈረመ ዝርዝር የስም ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ማን ምን ሃይማኖት እንዳለው የሚናገር ሰነድ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ሃይማኖት የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር ይመድበዋል። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ መዋል እንዳለበትም ይደነግጋል። ስለዚህ ለሱሑር የተሰበሰበውን ስም ለሌላ ጉዳይ ደግሞ ማቅረብ አይቻልም። ፈራሚው ለዚያ አልፈረመምና። ስክሪንሾት አንስቶ ግሩፕ ላይ መልቀቅም አይሆንም። ጉዳዩ ሲያልቅ ሺቱ ይጥፋ፤ ፎርሙን የሠራው ሰው ሲመረቅም በግል አካውንቱ ይዞት አይሂድ።

ለስምንት ሰው ስለፈረመው ወንድማችንም ልመለስ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሊያግዝ ነው። ግን ፊርማ ምስክርነት ነው፤ ያላየኸውን በሌላ ሰው ስም መመስከር ደግሞ ኒያው ቢያምርም ትክክል አይሆንም። በኦንላይንም ያው ነው። የጓደኛህን መታወቂያ ቁጥር ብታውቀውም ፎርሙን እርሱ ራሱ ይሙላው።

በዚህ አገር የሙስሊሙ ጥያቄ በሥርዓት ሲቀርብ ሰሚ ያገኘበት ጊዜ አለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ሰልፍ ሙስሊሞች 13 ጥያቄዎችን በዝርዝር አቅርበው ነበር፤ የክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ወጥተዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ የነበረው የበዓላቶቻችን በብሔራዊ ደረጃ መከበር በዚያው ለውጥ ማግስት መልስ አገኘ። ያኔ ጎግል ፎርም አልነበረም፤ ጥያቄዎቹ ግን ተቆጥረውና ግልጽ ሆነው የቀረቡ ነበሩ።

የእኛ ጥያቄ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ሌሊት ተነስቶ የሚጾም ተማሪ ትኩስ ምግብ በሰዓቱ ያግኝ ነው። ሆኖም ሦስተኛውን ገጽ የሚገልጥ ሰው ሁልጊዜ አለ። ሲገልጠው እውነት ብቻ እንዲያገኝ እናድርግ። ለሚቀጥለው ረመዳን ፎርሙን የሚሠሩ አንድ ወንድምና አንዲት እህት ያስፈልጉናል፤ የምትችሉ ከዙህር ሶላት በኋላ ለአሚሩ ወይም ለአሚራዋ ንገሩ። የማውቀውን አሳያችኋለሁ፣ ኢንሻአላህ። ሺቱን ግን እኔ አልይዝም።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።