በሊስፕ ውስጥ ያለውን ነገር ከፍቶ ስለሚያሳይ መመርመሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትን ካለፉ በኋላ ሰንበቴ፥ ቀጥሎም አጣዬ ይገኛሉ። የእነዚህን የይፋት ቆላ ከተሞች ስም በሊስፕ ቋንቋ በሠራነው አነስተኛ መዝገብ አስገብተን ስንፈልግ፥ ኮምፒዩተሩ ሰንበቴን አግኝቶ አጣዬን «የለም» አለን። ዝርዝሩን በሙሉ አውጥተን ብናነበው ግን ከተማዋ በቦታዋ ተጽፋ አለች። ለዚህ ዐይነቱ ችግር ብለን የሠራነውን በሥዕል የሚያሳይ መመርመሪያ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ሊስፕ ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 የጀመረው ቋንቋ ነው። አንዱ ጠባዩ፥ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ጸሐፊው ገብቶ ውስጡን ሊያይና ሊለውጥ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የጸደቀው የኮመን ሊስፕ ደንብ «ኢንስፔክት» የሚባል ትእዛዝ ለዚሁ አለው፤ መልኩ ምን ይሁን የሚለውን ግን ለሠሪው ትቶታል። የዜሮክስ ኢንተርሊስፕ-ዲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመስኮት ያሳይ ነበር። ማክሊም የሚባለው የሥዕል መሣሪያም ክሉዞ የተባለ መመርመሪያ አለው። የማክሊም አሳብ ቀላል ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ከበስተኋላው ካለው ነገር ጋራ እንደ ተያያዘ ይኖራል፥ በማውስ ሲነኩት ነገሩ ራሱ ይከፈታል።

እኛም ይህንኑ ተከተልን። «ውስጥህን አሳይ» የሚል አንድ የጋራ ትእዛዝ አለ፤ ዝርዝር በሣጥንና በቀስት፥ ቃል በየፊደሉ ይመልስለታል። መጀመሪያ ያስቸገረን ጉርብትና ነው። የአጣዬ ጎረቤት ሰንበቴ፥ የሰንበቴም ጎረቤት አጣዬ ብለን መዝግበን ነበርና፥ መመርመሪያው አንዷን ከፍቶ ሌላዋን፥ ሌላዋን ከፍቶ የፊተኛዋን እያለ መስኮቱን ሞላው። ስለዚህ ካልነኩት የማይከፍት፥ አንድ ጊዜ ያሳየውንም በምልክት ብቻ የሚያመለክት አደረግነው።

ከዚያ የጠፋችውን ከተማ ስም ነካን። ሦስት ሣጥኖች ወጡ፤ 4816፥ 4899፥ 4844። የመጀመሪያው ዐይኑ ዐ ነው፤ እኛ የፈለግነው ግን በአልፋው አ፥ ማለት በ4768 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ስላገኘ፥ ለኛ አንድ ድምፅ የሆነው ለኮምፒዩተሩ ሁለት ነው። ዐይናችን ግን አንድ አድርጎ አንብቦት አለፈ።

ነገሩ የፊደል ጨዋታ ብቻ አይደለም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በነበረው ግጭት ብዙ ቤት ተቃጥሎባት ነዋሪዎቿ ተፈናቅለዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰው ስም በዝርዝር ይያዛል፤ አንዱ ጸሐፊ «ዓለሙ»፥ ሌላው «አለሙ» ብሎ ቢጽፍ፥ ሰውየው ከመዝገቡ እያለ የለም ሊባል ይችላል። ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል መለወጥ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለፍለጋው እንስማማለን፥ የሰው ስም ግን ባለቤቱ በጻፈበት ፊደል መቀመጥ አለበት።

በመስኮቱ ላይ 4816ን በ4768 ተካን። ሥዕሉ ተስተካከለ። እንደ ገና ስንፈልግ ግን ያው «የለም» አለን!

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። መዝገቡ ሀሽ ቴብል የሚባለው ነው፤ ከስሙ ፊደላት ቁጥር ሒሳብ ያወጣና ካርዱን በሒሳቡ ውጤት መሠረት በአንድ መሳቢያ ያኖረዋል። እኛ በካርዱ ላይ ያለውን ፊደል ፍቀን ጻፍን እንጂ ካርዱን ወደ አዲሱ መሳቢያ አላዛወርነውም። ፈላጊው ትክክለኛውን መሳቢያ ከፍቶ ባዶ ያገኛል። ደንቡም ቁልፍ ሆኖ የገባን ቃል እንዲህ መለወጥ ውጤቱ የማይታወቅ መሆኑን ያስጠነቅቃል፤ ቀድሞ ላላነበበው ግን ምን ይጠቅማል?

አሁን መመርመሪያው ወደ ቃሉ በየት በኩል እንደ ገባ ያስታውሳል። ቃሉ የመዝገብ ቁልፍ ከሆነ፥ አሮጌውን ከነካርዱ አውጥቶ በአዲስ ቃል መልሶ ያስገባዋል። አጣዬም ተገኘች። ያው ቃል በሌላ መዝገብ ቁልፍ ሆኖ ቢቀመጥ ግን፥ በዚያ በኩል ስላልገባን መመርመሪያው አያውቀውም፤ ያ መዝገብ አሮጌውን አጻጻፍ እንደ ያዘ ይቀራል።