የተቃውሞው ጩኸት በተጫዋቹ ላይ ነው ወይስ በዋጋው?

የባልቲሞር ሬቨንስ የአሜሪካ እግር ኳስ ክለብ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2022 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ላስ ቬጋስ ላይ በተካሄደው የተጫዋቾች ምልመላ 14ኛው ተራ ሲደርሰው ካይል ሃሚልተን የተባለውን የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች መረጠ። ሃሚልተን የሚጫወተው «ሴፍቲ» በሚባለው ቦታ ነው። ሴፍቲ ከተከላካዮች ሁሉ ኋላ ቆሞ ፊት ያሉት ያመለጣቸውን ሯጭ የሚጥል፣ በአየር የሚላከውን ኳስ የሚያጨናግፍ የመጨረሻው ዘብ ነው።

ይሁን እንጂ ክለቡ ገና ከወር በፊት ማርከስ ዊሊያምስ የተባለ ሌላ ሴፍቲ በአምስት ዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞ ነበር። በዚያው የምልመላ ምሽት ደግሞ ዋና ኳስ ተቀባዩን ማርኪስ ብራውንን ለአሪዞና ክለብ አሳልፎ ሰጠ። በመሆኑም ለደጋፊው የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነበር። ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ደግሞ መግዛት፣ የሚጎድለውን ደግሞ መሸጥ ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ከባልቲሞር በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግና ዋሽንግተን ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን መሰል ክርክር በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሳይሰማ አይቀርም። ክርክሩ የኳስ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ የገበያ ክርክር ነው።

አሠሪውን የማይመርጥ ሠራተኛ

በሊጉ 32 ክለቦች አሉ። ምልመላው ሰባት ዙር ሲኖረው፣ ባለፈው የውድድር ዘመን ደካማ የነበረው ክለብ ቅድሚያ ያገኛል። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ወጣት ግን አሠሪውን አይመርጥም። የመረጠው ክለብ ዘንድ ይሄዳል፤ አለዚያም ቁጭ ይላል። ሥርዓቱ የተጀመረው በ1936 ፊላደልፊያ ላይ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመነጩት ተሸናፊ የነበረው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ናቸው። ዓላማው ባለገንዘብ ክለቦች ምርጥ ምርጡን እየተሻሙ ዋጋ እንዳያስወድዱ ነበር። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ሻጩ ፊት ብዙ ገዢ ቢኖርም እንዲደራደር የሚፈቀድለት ከአንዱ ጋር ብቻ ነው።

እስከ 2010 ድረስ ወጣቶቹ ቢያንስ በደመወዝ ይከራከሩ ነበር። በዚያ ዓመት በመጀመሪያ ተራ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ክፍያ አገኘ። በ2011 የሊጉ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር አዲስ ስምምነት ሲፈራረሙ ግን የጀማሪዎች ደመወዝ በተራ ቁጥር ተቆረጠ። በዚያው ዓመት አንደኛ የወጣው ካም ኒውተን ለአራት ዓመት ያገኘው በጠቅላላው 22 ሚሊዮን ዶላር ነው። ማኅበሩ በዚህ የተስማማው አለምክንያት አይደለም። ክለቦች ከደመወዝ ጣሪያው አብዛኛውን እንዲያወጡ ስምምነቱ ስለሚያስገድዳቸው፣ ከጀማሪው የተቀነሰው ገንዘብ ለነባሩ ተጫዋች ይደርሳል። ድርድሩ ላይ የተቀመጡት ነባሮቹ ነበሩ። የዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረው ወጣት ወኪል አልነበረውም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዋጋው የተቆረጠው በተራ ቁጥር እንጂ በመጫወቻ ቦታ አለመሆኑ ነው። 14ኛ የወጣው ወጣት ሴፍቲም ሆነ ኳስ ተቀባይ ደመወዙ ያው ነው።

የሁለቱ ወገኖች ሂሳብ

የሃሚልተን የአራት ዓመት ውል 16 ሚሊዮን ዶላር ያህል ስለነበር በዓመት በአማካይ አራት ሚሊዮን ይሆናል። ከገበያ የተገዛው ዊሊያምስ ለዚያው ሥራ በዓመት 14 ሚሊዮን ይከፈለዋል። ስለዚህ ሃሚልተን የዊሊያምስን ያህል ከተጫወተ ክለቡ በዓመት አሥር ሚሊዮን ዶላር ያተርፋል። የ2022 የደመወዝ ጣሪያ 208.2 ሚሊዮን ስለነበር ትርፉ የጣሪያው አምስት በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ገንዘብ ሌላ ደህና ተጫዋች ይገዛል።

የተቃዋሚው ደጋፊ ሂሳብም ቢሆን የዋዛ አይደለም። በዚያው የጸደይ ወራት ታይሪክ ሂል የተባለው ኳስ ተቀባይ በዓመት በአማካይ 30 ሚሊዮን ዶላር ፈርሟል። በ14ኛው ተራ ጥሩ ኳስ ተቀባይ ቢገኝ ትርፉ ወደ 26 ሚሊዮን ይደርስ ነበር ማለት ነው። የተራው ዋጋ አንድ ከሆነ፣ ገበያ ላይ ውድ የሆነውን ሙያ መምረጥ ያዋጣል። ሴፍቲዎች ከፊት ተራ የማይገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከ1967 ወዲህ አንድም ሴፍቲ በአንደኛ ተራ አልተመረጠም። ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠው በ1991 በሁለተኛ ተራ ወደ ክሊቭላንድ የሄደው ኤሪክ ተርነር ነው።

ኒውዮርክ ጄትስ በ2017 ጀማል አዳምስ የተባለውን ሴፍቲ በስድስተኛ ተራ ሲወስድ ይህንኑ ስሌት ዘለለ። ከአራት ተራ በኋላ ካንሳስ ሲቲ የጨዋታ መሪውን ፓትሪክ ማሆምስን አነሳና እስከ 2024 ድረስ ሦስት ጊዜ የሱፐር ቦውል ዋንጫ በላበት። የአዳምስ እውነተኛ ዋጋ የጨዋታ ችሎታው ብቻ ሳይሆን፣ ለእሱ ሲባል የቀረው ጭምር ነው።

ጄትስ ግን ከስሮ አልቀረም። ሲያትል በ2020 ለአዳምስ ብሎ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችን ሰጠ፤ በተከታዩ ዓመት የአራት ዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር ውል ጨመረለት። ተጫዋቹ በጉዳት ሲመላለስ ቆይቶ በ2024 ተሰናበተ። ከተሰጡት ተራዎች በአንዱ ጄትስ በ2022 ጋሬት ዊልሰን የተባለውን ኳስ ተቀባይ ወሰደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ግዢ ነው።

ጉድለት ሲያስገድድ

ታዲያ ክለቡ የጎደለውን ብቻ እየፈለገ ለምን አይመርጥም? ባልቲሞር ይህንን በራሱ ላይ ሞክሮታል። በ2002 በ24ኛ ተራ የመረጠው ሴፍቲ ኤድ ሪድ በ2019 የታላላቆች መዘክር ውስጥ ገብቷል። ሪድ በ2013 ሲለቅ ክለቡ ክፍተቱን ለመሙላት ቸኩሎ ማት ኢላምን በ32ኛ ተራ ወሰደ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ሆነና ኢላም የሪድን ቦታ ሳይሞላ ውሉ አለቀ፤ አልታደሰለትምም። ጉድለት ያለበት ገዢ ገበያው ያቀረበለትን ከፍ አድርጎ ይገምታል።

ኬድ ማሲና በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሪቻርድ ታለር በምልመላው ላይ ባደረጉት ጥናትም፣ ክለቦች የወጣቶችን ችሎታ አስቀድሞ በማወቅ ረገድ በራሳቸው ከመጠን በላይ እንደሚተማመኑና ለፊተኞቹ ተራዎች ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉ አሳይተዋል። የ2022ቱ ባልቲሞር ደግሞ ያደረገው ሌላ ነበር። ብዙዎች ከአሥሩ ቀዳሚዎች አንዱ ይሆናል ያሉት ልጅ፣ የሩጫ ሰዓቱ አዝጋሚ ነው ተብሎ ወደ ኋላ ሲቀር ጠብቆ አነሳው።

ሂሳቡ ሲዘጋ

ሃሚልተን በ2023 ከሊጉ ምርጦች የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ ገባ። በኦገስት 2025 ደግሞ በአራት ዓመት 100.4 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ይህም በዓመት 25.1 ሚሊዮን ነው። ከአራት ሚሊዮን ወደ 25 ሚሊዮን ሲሸጋገር የቆየው ልዩነት ልጁ በርካሽ ያገለገለበት ዘመን ዋጋ ነው። በመሃል ጉልበቱ ቢሰበር ኖሮ ልዩነቱ የክለቡ ሆኖ ይቀር ነበር።

ክለቡ በዚያው ዓመት ማርች ወር ውዱን ዊሊያምስን አሰናበተ። በኤፕሪል ደግሞ ማላካይ ስታርክስ የተባለ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሴፍቲ በ27ኛ ተራ መረጠ። እንደገና ሴፍቲ! ነገር ግን አንዱ ሴፍቲ በገበያ ዋጋ ሊከፈለው ሲቃረብ ሁለተኛው ርካሽ መሆን ስላለበት፣ ምርጫው ከ2022ቱ የተለየ ምክንያት አልነበረውም። ደጋፊው በምሽቱ ቢያጨበጭብም ቢያጉረመርምም፣ የስታርክስ ሂሳብ የሚወራረደው የአራት ዓመት ውሉ ሲያልቅ፣ ከ2028 የውድድር ዘመን በኋላ ነው።