ሐሳብ ሲበዛ ቁስል ለምን ቶሎ አይድንም?

«ሐሳብ አከሳው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ሐሳብ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል ቢባልስ? ይህን ሐኪሞች ቀን ቆጥረው ለክተውታል።

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘር የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር 13 ሴቶችን አጠኑ። ሴቶቹ የመርሳት በሽታ የያዘው ዘመድ የሚያስታምሙ ናቸው። ከነሱ ጋር በዕድሜና በገቢ የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን የማያስታምሙ ሌሎች 13 ሴቶች ነበሩ። በሁሉም ክንድ ላይ እኩል የሆነች ትንሽ ቁስል ተደረገች። የማያስታምሙት በአማካይ በ39.3 ቀን ዳኑ። አስታማሚዎቹ ግን 48.7 ቀን ፈጀባቸው። ቁስሉ አንድ፣ ልዩነቱ ከ9 ቀን በላይ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ቅመሞች ይረጫሉ። ውሻ ቢያባርረን ይህ ጥሩ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች ለጥበቃ ወደ ደም ይወጣሉ፣ ውሻው ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ የማይሄደው ውሻ ነው። ኮርቲሶል ለወራት ሲቆይ ሴሎቹ «ኑ፣ እዚህ ቁስል አለ» ብለው የሚጠራሩበት መልእክት ይደክማል።

ሼልደን ኮኸን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት በ276 ፈቃደኞች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨመረ። ከአንድ ወር ያነሰ ከባድ ጭንቀት ያገኛቸው ሰዎች ከሌሎቹ የበለጠ አልታመሙም። አንድ ወርና ከዚያ በላይ የቆየባቸው፣ በተለይ ሥራ አጥነት ወይም ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር አለመስማማት ያለባቸው ግን ይበልጥ ታመሙ። ካምፕ ውስጥ የኬዙን መልስ ስንት ዓመት የጠበቀ ሰው እንዳለ አንባቢ ራሱ ይቁጠር።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑ 5,744 አሜሪካውያን ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ብዙ ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች፣ አዲስ ጀርም ለመለየት የሚጠበቁት ቲ ሴሎች አንሰውባቸው ተገኙ። ከፊሉ ምክንያት ግን ምግባቸውና እንቅስቃሴ ማነሱ ነበር። ስለዚህ የራሽን ማነስን ትቶ ሁሉን በሐሳብ ማሳበብ ልክ አይመስለኝም። በባዶ ሆድ ያደረ ሰው «አትጨነቅ» ቢባል ምን ይጠቅመዋል?

የኮኸን ፈቃደኞች አንድ ሌላ ነገርም አሳይተዋል። ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከማኅበር፣ ከሃይማኖት ወገን ጋር ብዙ ዓይነት ግንኙነት የነበራቸው ሰዎች ጉንፋኑ ያነሰ ያዛቸው። ቡና ሲፈላ የተጠራ ሰው እንግዲህ አይቅር።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው ግን «ሐሳብ ነው» ብሎ ቤቱ አይቀመጥ። የሳምባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ክሊኒክ ሄዶ አክታውን ያስመርምር።